ወደ ግራ የታጠፈው ቋጠሮ

ኤሌክትሪሻኑ ቀይዋን የስፖርት መኪና ሲያያት መጀመሪያ ያሳሰበው ሽቦዋ ሳይሆን የራሱ ሆድ ነበር። መኪናዋ ባለ ሁለት በር፣ ከመሬት እምብዛም ያልራቀች ነገር ስትሆን፣ እሱ ደግሞ ካገባ ወዲህ ወደ ጎን ሰፋ ያለ ሰው ነው። ወንበሩን እስከ መጨረሻው ወደ ኋላ ገፋና በጀርባው ተንጋሎ፣ እግሮቹን መደገፊያው ላይ ሰቅሎ ከመሪው ሥር ገባ። የጎረቤቱ ጎማ ጠጋኝ በዚያ ሲያልፍ አይቶት፣ «ልትወልድ ነው ወይስ ልትሠራ?» አለው። ኤሌክትሪሻኑ ትንፋሹን መቆጠብ ነበረበት።

የመኪናዋ ባለቤት የጥርስ ሐኪም ናት። ከሁለት ወር በፊት ስትገዛት አላርሙ አብሮ ተገጥሞ ነበር። ትናንት ጠዋት ልጇን ትምህርት ቤት ልታደርስ ስትሄድ መስቀለኛው መንገድ መሐል ላይ ሞተሩ ድርግም ብሎ ጠፋ። አንድ የጭነት መኪና ፍሬኑን አስጩሆ፣ ልጇ ከተቀመጠበት በር ስንዝር ሲቀረው ቆመ። ይህን ስትናገር ድምፅዋ እንኳ አልተለወጠም፤ ቁልፉን ግን እጇ አልለቅ ብሎ ኤሌክትሪሻኑ ሁለት ጊዜ ጠይቆ ነው የተቀበላት።

የፈለገችው ሁለት ነገር ነው። አሮጌው አላርም ተነቅሎ ባመጣችው አዲስ ይተካ፤ የሠራው ሰው ደግሞ ይታወቅ። መኪናዋን የሸጠላት ሰው ስልክ አያነሳም።

«ሽቦ ሲፈታ የሠሪው እጅ ይታወቃል ይባላል» አለችው። «አሥር ሰዓት ላይ እመጣለሁ። አንተ ስሙን ብቻ ንገረኝ፤ ለሌላው ሕግ አለ።»

እሱም እነግርሻለሁ ብሎ ቃል ገባ፤ ያውም ደስ እያለው። ከመንገዱ ወዲያ ማዶ ጋራዥ ያለው ባላንጣው እንደሚሆን አልተጠራጠረማ። እናት አባቱ ያወጡለትን ስም ሰፈሩ ከረሳው ቆይቷል፤ ምን ይዘህለት ብትሄድ «በግማሽ ሰዓት ያልቃል» ስለሚል ሁሉም ቶሎቶሎ ነው የሚለው።

ከዳሽቦርዱ ሥር ያለውን ክዳን ፈታና መብራቱን ወደ ውስጥ አስገባ።

ሽቦዎቹ በሚጣበቀው ናስትሮ አልተጠቀለሉም። ጫማ ሰፊዎች በሚጠቀሙበት ሰም በተቀባ ክር ታስረዋል፤ በየአራት ጣቱ አንድ ቋጠሮ፣ የቋጠሮው ጫፍ ወደ ውስጥ ተሸጉጧል። ናስትሮ በሙቀት ይለቃል፣ ክር ግን አይለቅም ብሎ እንዲህ የሚያስር ሰው በከተማው ሁለት ብቻ ነው። አንዱ እሱ ራሱ ነው፤ የእሱ ቋጠሮ ጫፍ ግን ወደ ቀኝ ይታጠፋል። እነዚህ ወደ ግራ ታጥፈዋል። ሁለተኛው ሰው ያስተማሩት አባቱ ናቸው፤ አባቱ ደግሞ ግራኝ ናቸው።

የድሮ ሥራ ይሆናል ብሎ ራሱን ሊያጽናና ሞከረ። የአላርሙን ሣጥን ገልብጦ ሲያይ ግን የተመረተበት ወር ታትሞበታል። ከተመረተ ሰባት ወር አልሞላውም። አባቱ ከሥራ ካረፉ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል።

ካረፉ እንኳ አይባልም፤ ያሳረፋቸው እሱ ነው። ብሎን ከእጃቸው ሲወድቅ ሦስት ጊዜ አየና ደንበኛ ፊት፣ «አባባ፣ እጅዎ ከዳዎት፤ ይበቃዎታል» አላቸው። ሬዲዮ ገዛላቸው፣ የሱፍ ነጠላ ጫማም ጨመረበት። እሳቸውም ጫማውን አደረጉት። ከሳምንት በኋላ ግን ጠዋት ጠዋት የታመመ ወዳጅ ልጠይቅ እያሉ መውጣት ጀመሩ። ሁለት ዓመት ሙሉ የማይድን የማይሞት ምን ዓይነት በሽተኛ ነው ብሎ ከሚስቱ ጋር ስቆበትም ያውቃል።

አሁን ሳቁ የለም። አላርሙ ሌባ ሲገባ ሞተር ለማጥፋት የሚቆርጠውን የነዳጅ ፓምፕ ሽቦ በጣቱ እየተከተለ ሄደና መገጣጠሚያው ላይ ሲደርስ ቀስ አድርጎ ሳበው። እጁ ላይ ቀረ። ሽቦን ከሽቦ የሚያጣብቀው ስታኞ ቀልጦ ውስጥ አልሰረገም፤ ላዩ ላይ ተንጠባጥቦ እንደ አመድ ደብዝዟል። ሽቦው የያዘው በክሩ ብቻ ነበር። አባቱ ሲያስተምሩት ስታኞ እንደ መስታወት ካላበራ ፍርስ አድርገህ ድገመው ይሉት ነበር፤ ድብዝዝ ያለ ካዩ ደግሞ በፒንሳ እጀታ አናቱን ቸብ ያደርጉት ነበር። እነዚያን የመሰሉ ቋጠሮዎች የቋጠረ እጅ ይህን እንዴት ይሠራል?

መኪናዋ የተሠራችው ቶሎቶሎ ጋ ከሆነ አባቱም የሚውሉት እዚያ ነው፤ መገጣጠሚያውን ቆርጦ ኪሱ ከተተና መንገዱን ተሻገረ።

ቶሎቶሎ ሲያየው ከወንበሩ ተነሳ፤ የት ሊሄድ እንደሆነ ግን እሱም አላወቀም። ከኋላው ከቆመች መኪና በር ሁለት እግሮች ወጥተዋል። የሱፍ ነጠላ ጫማ አድርገዋል።

ቶሎቶሎ ቃላቱን እየዋጠ ነገሩን አስረዳ። ሽማግሌው በጓሮ በር በራሳቸው እግር መጥተው፣ ለልጄ እንዳትነግር ብለው አስምለውት ነው። እሱም ቢሆን ተጎድቷል፤ አንድ መኪና ላይ ሁለት ቀን እየዋሉ ስሙን አጥፍተውበታል።

ኤሌክትሪሻኑ በሩ ጋ ቁጢጥ አለ። «አባባ፣ በሽተኛው እንዴት ዋለ?»

ከውስጥ ይንቀሳቀስ የነበረው እጅ ቆመ።

«ዛሬ ትንሽ ተሽሎታል» አሉ አባት፣ ሳይወጡ።

ሲወጡም አላፈሩም። እንዲያውም አገጫቸውን ቀና አድርገው ጠበቁት። ልጅየው ሲመጣ ብዙ ሊናገር አስቦ ነበር፤ ሁሉም ጠፋውና ከኪሱ ቁራጩን ሽቦ አውጥቶ ሰጣቸው። የእርስዎ ነው ወይ አላቸው። አባት ወደ ብርሃኑ ይዘውት ወጡ፣ በአውራ ጣታቸው ዳበሱት።

«የእኔ ነው። ምን ሆነ?»

«ስታኞው ያበራል?»

«እንዴታ» አሉ አባት። «ያበራል።»

ፀሐይዋ ቀጥ ብላ ወርዳበታለች፤ ቁራጩ ግን እንደ አመድ ነው። ቶሎቶሎ አየት አድርጎ ቶሎ ብሎ መሬት መሬቱን ተመለከተ። እነዚያ ብሎኖች የወደቁት እጃቸው ስለተንቀጠቀጠ አልነበረም፤ ያሉበትን ስላላዩ ነበር። ኤሌክትሪሻኑ ሁለት ዓመት ሙሉ ጤነኛውን እጅ ሲያሳርፍ ኖሯል።

ያኔ አባት ገባቸው። «አያበራም?»

ልጅየው የመስቀለኛውን መንገድ ነገር አንዲትም ሳያስቀር ነገራቸው። አባት እየዳበሱ ጎማ ላይ ተቀመጡ።

«ልጁ ምንም አልሆነም?»

«አልሆነም።»

«በየት በኩል ነበር የተቀመጠው?»

«ጭነት መኪናው በመጣበት በኩል።»

አባት ቁራጩን ጭብጥ አደረጉት። ኤሌክትሪሻኑ ሽቦው የማን እንደሆነ አላወቅኩትም ብዬ እነግራታለሁ፣ ነገሩም እዚሁ ይቀራል አለ። ቶሎቶሎ ደግሞ ጉሮሮውን ጠረገና «የእኔን ስም ስጣት» አለ። «እኔ እንደሆንኩ መሰደብ ለምጄዋለሁ።»

አባት ግን ተነሱ። ስንት ሰዓት ነው የምትመጣው ብለው ብቻ ጠየቁ።

ከሰዓት በኋላ አዲሱን አላርም ልጅ ስታኞውን እያቀለጠ፣ አባት እየቋጠሩ ገጠሙት። ቶሎቶሎም መንገዱን ተሻግሮ መጥቶ መሣሪያ ያቀብላቸዋል። እያንዳንዱን መገጣጠሚያ ልጅየው በአምፖል እያየ ነበር የሚያልፈው።

ሐኪሟ በሰዓቷ ደረሰች። የጠበቀችው አንድ ግድ የለሽ ጎረምሳ ሳይሆን አይቀርም፤ ነጠላ ጫማ ያደረጉ ሽማግሌ ቀጥ ብለው ፊቷ ሲቆሙ ቦርሳዋን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወረች።

«ልጄ፣ የሠራሁት እኔ ነኝ» አሏት። «ዓይኔ ደክሟል። መድከሙን ለሰው ቀርቶ ለራሴም አልነገርኩትም። ወደ ሕግም ብትወስጂኝ እሄዳለሁ።»

ሐኪሟ ቀረብ ብላ፣ በሽተኛ እንደምታይ አድርጋ ዓይናቸውን አየች። ዓይናቸው ፊቷን ፈልጎ ትከሻዋ ላይ ነበር ያረፈው። ከዚያ ሦስቱም ወንዶች ያላሰቡትን ጠየቀች።

«ሌላ ስንት መኪና ሠርተዋል?»

ቶሎቶሎ የያዘው ፒንሳ ወደቀ። ኤሌክትሪሻኑ ቀኑን ሙሉ ያቺን አንዲት መኪና ብቻ ሲያስብ ነው የዋለው፤ በዚህች ደቂቃ እንኳ ስንቱ የሰው ልጅ በድብዝዝ ስታኞ ላይ መስቀለኛ መንገድ እያቋረጠ እንደሆነ ትዝ አላለውም ነበር።

«ሃያ ሦስት» አሉ አባት። ድምፃቸው ሊሰማ አልቻለምና ደገሙት። «ሃያ ሦስት። ሁሉንም አውቃቸዋለሁ።»

«እንግዲያው ከእኔ በፊት እነሱ» አለች ሐኪሟ፣ ወንበር ስባ እየተቀመጠች።

አባት ዓይናቸውን ጨፍነው መጥራት ጀመሩ፦ ነጯ ሽንጣም መኪና፣ የአናጢው፤ ሰማያዊዋ፣ ሁለት መንታ ልጆች ያሉት የአስተማሪው። ልጅየው ጻፈ። ቶሎቶሎ ስልኩን አውጥቶ መጀመሪያ አናጢው ጋ ደወለ። አናጢው መቼ እንደሚያልቅለት ሳይጠይቀው አልቀረም፤ ቶሎቶሎ «ግማሽ ሰዓት» ሊል አፉን ከፍቶ ተወውና፣

«እሱን አላውቅም» አለ። «አንተ ግን ሞተሩን ሳትነካ ባለህበት ቁም፤ እኛ እንመጣለን።»