ለአድማስ ከተማ ፖሊስ የተደረገ ሽምግልና

አያ ታረቀኝ በዕድሜያቸው ያላስታረቁት የለም። ወሰን የተጋፋ፣ በመስኖ ውኃ የተጣላ፣ ሚስቱን አባሮ የተጸጸተ፣ ኧረ ደም የተቃባ ሳይቀር እሳቸው ፊት ተቃቅፎ ተላቅሶ ሄዷል። አምበር ዙሪያ እሳቸው የገቡበት ነገር አለቀ ነው የሚባለው። ያን ቀን ግን ደብረ ማርቆስ፣ የሟች እህታቸው ልጆች፣ ሔዋንና ምስጋናው፣ በተከራዩት ቤት፣ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ነገሩን ደጋግመው ቢያስነግሩትም ምኑም አልገባቸውም።

"እስቲ እንደገና በይኝ ልጄ፤ ምስጋናው ፖሊስ ነው?"

"ነው፤ ግን እውነተኛ አይደለም" አለች ሔዋን።

"ሐሰተኛ ፖሊስ ሆነ? ኧረ የእግዚአብሔር ያለህ! ያስገድላል እኮ!"

"አይደለም አያ! ጨዋታ ነው። ኮምፒውተር ውስጥ አድማስ የምትባል ከተማ አለች። ሰዉ ካለበት ሆኖ እየገባ አንድ አንድ ሚና ይይዛል። አንዱ ሐኪም ይሆናል፣ አንዱ ሾፌር፣ አንዱ ሌባ። በድምፅ እያወሩ ይኖራሉ።"

"ሌባውም ተፈቅዶለት?"

"ሌባ ከሌለማ ፖሊሱ ምን ይሠራል?"

ይኼስ እውነት ነው አሉ አያ ታረቀኝ በልባቸው፤ ግን እውነት መሆኑ ምንም አልረዳቸውም። ሔዋን ቀጠለች። የአድማስ ፖሊሶች የሥነ ምግባር ደንብ አላቸው። መኪና ያስቆመ ፖሊስ መጀመሪያ ስሙንና ማዕረጉን ይናገራል፤ ቀጥሎ ያስቆመበትን ምክንያት ያስረዳል። በቂ ምክንያት ሳይኖረው አይፈትሽም፤ ሳያስረዳ ካቴና አያስገባም። ምስጋናው ባለፈው ሳምንት አንዱን የጭነት መኪና ሾፌር ትንፍሽ ሳይልለት ካቴና አስገብቶ መኪናውን በረበረው። ሾፌሩ ከሰሰ፤ አዛዡ ምስጋናውን ከሥራ አገደው፤ እሑድ ጉዳዩ በኮሚቴ ይታያል። አያ ታረቀኝ፣ በእግራችን የምንሄድባት ከተማ ውስጥስ ፖሊሱ እንዲህ ቢጠነቀቅ ምን ነበረበት ሊሉ አሰቡና ተዉት።

ዞር ብለው አልጋውን አዩ። ምስጋናው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ፣ ብርድ ልብሱን እስከ ጆሮው ስቦ ተኝቷል። እንቅልፍ እንዳልወሰደው ከትከሻው ያስታውቃል። ይህን ጀርባ ያውቁታላ!

የዩኒቨርሲቲውን የመውጫ ፈተና የወደቀ ጊዜም እንዲሁ ነበር የተኛው። ያን ሁሉ ዓመት ተምሮ፣ ያን ሁሉ ሌሊት አንብቦ፣ ወደቀ ተባለ። አለቀ። ክረምቱ ገብቶ ወጣ፤ እሱ ከግድግዳው ዞር አላለም። ጸበል አስጠመቁት፤ ጸበሉን ጠጥቶ ተመልሶ ተኛ። ኋላ ጓደኛው አሮጌ ኮምፒውተሩን አዋሰው፤ ይቺ አድማስ የሚሏት መጣች፤ ፖሊስ ሆነ። ከዚያማ ልጁ ተነሣ! ታጠበ። እህል ቀመሰ። ተረኛ ነኝ ብሎ ሸሚዝ ተኩሶ እየለበሰ ነበር ኮምፒውተሩ ፊት የሚቀመጠው፤ ማንም እንደማያየው እያወቀ። ሔዋን ከፋርማሲው ሥራዋ ስትመለስ ቀልድ ይጠብቃት ጀመር።

"አያ" አለች አሁን ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፤ "ከዚያ ካባረሩት ይኼ ልጅ አይነሣም።" እንባዋ መጣ።

አያ ታረቀኝ ከዚህ ሁሉ የገባቸው ይቺው ብቻ ናት። ይቺ ደግሞ በቃቻቸው።

"ተበዳዩ ማን ይባላል?"

ሔዋን ወደ አልጋው ሰረቅ አድርጋ አየች። "መናገር ክልክል ነው። ምስጋናው ነው በሚስጥር የነገረኝ። ሉማሜ ስልክ የሚጠግነው ፍቅረ ሥላሴ ነው።"

"ሉማሜ? እዚህ አፍንጫችን ሥር? ታዲያ ምን ይዞሽ ነው እስካሁን ዝም ያልሽ!"

"ክልክል ነው እኮ አያ! የዚያችን ከተማ ነገር ወደዚህኛው ዓለም ሰው ማምጣት..."

"እርቅ ደግሞ የት አገር ነው የሚከለከለው?" ብለው ተቆጡ፤ ጋቢያቸውን አጣፍተው ብድግ አሉ። ምን ያድርጉ! ሌላ ሥራ አያውቁም።

አምበር ሲደርሱ የቤተሰቡን የንስሐ አባት፣ ቄስ ኃይለ ሚካኤልን ይዘው በሌላ ሚኒባስ ተሳፈሩ። ያለ መስቀል ሽምግልና ምን ሽምግልና ነው! ቄሱ በመንገድ ላይ ነገሩን ጠየቁ።

"ተበዳዩ ቆስሏል?"

"አልቆሰለም አባ።"

"ንብረት ጠፋበት?"

"መኪናው ተፈተሸ።"

"መኪና አለው?"

አያ ታረቀኝ ትንሽ አሰቡ። "የለውም መሰለኝ።"

ቄሱ ጥምጥማቸውን አስተካከሉና በመስኮት የደረሰውን ጤፍ አዩ። "እንግዲህ የተነካው ክብሩ ይሆናላ" አሉ፤ እሳቸውም ግራ ገብቷቸዋል።

ፍቅረ ሥላሴ የተሰነጠቀ ስልክ ከፍቶ ትንንሽ ብሎኖች ሲለቅም ሁለት አረጋውያን በሩን ሞሉት። ተነሥቶ መስቀል ተሳለመ፤ በርጩማውን ለቄሱ፣ የራሱን ወንበር ለአያ ታረቀኝ ሰጠ። ጨዋ ልጅ ነው። አያ ታረቀኝ ደስ አላቸው፤ ከጨዋ ጋር እርቅ ቀላል ነው።

"ልጃችን ምስጋናው በድሎሃል" ብለው ጀመሩ። "ሳያስረዳህ ካቴና አስገብቶብሃል። ይቅር እንድትለው መጣን።"

የልጁ ፊት ዐመድ መሰለ። "እናንተ እንዴት... ኧረ አባቶቼ ይኼ አይነገርም! እኔ እኮ አልተቀየምኩም!"

"ካልተቀየምክ ለምን ከሰስከው?"

"የተቀየመው ሾፌሩ ነው።"

"ሾፌሩ ማነው?"

"እኔ ነኝ።"

አያ ታረቀኝ ራሳቸው ዞረ። ቄሱን አዩ፤ ቄሱ መሬት መሬቱን ያያሉ።

ፍቅረ ሥላሴን ላብ አጠመቀው። እንደ ምንም ሊያስረዳ ሞከረ። ክሱ ራሱ የጨዋታው አካል ነው። እሑድ ምስጋናው ኮሚቴው ፊት ይቀርባል፣ እሱ በሾፌሩ አፍ ይጮኻል፣ ምስጋናው ይከራከራል፤ ቢበዛ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶት ወደ ሥራው ይመለሳል። ሁሉም የሚጠብቀው ያንን ችሎት ነው። "ይልቅ ጥሩ ፖሊስ ነው። አድማስ ውስጥ እንደ እሱ የሚወደድ የለም። ግራ ገብቶት ከሆነ እኔ..." አለና ቆመ፤ "ተኝቷል እንዴ? ያን ያህል ከበደው?"

"እንዲያውም ከግድግዳ አልዞር ብሏል" አሉ አያ ታረቀኝ።

ፍቅረ ሥላሴ ከንፈሩን መጠጠ። እውነት ለመናገር ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ሁሉም ደኅና በሆነ! አያ ታረቀኝ ግን ሽማግሌ ናቸው፤ ሽማግሌ ደግሞ ነገር እስከ እሑድ አያሳድርም። "እንግዲያማ ክሱን አሁኑኑ አንሣ" አሉ።

"ለምን አነሣህ ብለው ይጠይቁኛል።"

"በሽማግሌ ታረቅን በላቸዋ!"

"ይኼንን ካልኩ ጉድ ይፈላል አባቴ።"

ቄስ ኃይለ ሚካኤል መስቀላቸውን ከፍ አደረጉ። "እውነት ተናግሮ ምን ጉድ ይመጣል ልጄ? ይልቅ ይቅር ለእግዚአብሔር በል።"

መስቀል ፊት ማን እምቢ ይላል! ፍቅረ ሥላሴ "ይቅር ለእግዚአብሔር" አለ፤ ስልኩን አወጣና በሽማግሌ መታረቃቸውን ለአዛዡ ጻፈ። ቄሱ መረቁት። አያ ታረቀኝም ግንባሩን ሳሙት። ወደ ሚኒባሱ ሲሄዱ፣ ባይገባኝም አስታረቅሁ እያሉ ነበር።

ቄሱ አምበር ወረዱ፤ አያ ታረቀኝ ብቻቸውን ማርቆስ ገቡ። በሩን ከፍተው "እሰይ! ይቅር ብሎሃል!" አሉ ገና ሳይቀመጡ።

ሔዋን የወንድሟን ስልክ ይዛ እያለቀሰች ነው። ውሳኔው ቀድሟቸው ደርሷል። የከተማዋን ጉዳይ ወደ ውጭ ያወጣ፣ የተጫዋችን ማንነት ለሌላ የገለጠ፣ ምክንያቱ ምንም ይሁን ምን ከከተማዋ ይወጣል፤ ይግባኝ የለውም። ምስጋናው ለዘለዓለም ተባሯል። የካቴናውን ነገርማ ማንም አላነሣውም።

"በእርቅ ምክንያት?" አሉ አያ ታረቀኝ። "ሰው ታረቀ ተብሎ ይባረራል?"

"ነግሬዎት ነበር አያ።"

አልጋውን አዩ። ያው ጀርባ፣ ያው ብርድ ልብስ። አያ ታረቀኝ መሐል ቤት ቆመው ቀሩ። ያን ሁሉ ጠብ ሲያበርዱ ኖረው አሁን ጠቡ የት እንዳለ እንኳ አላወቁም። ሾፌሩ አልተቀየመም። አዛዡን አያውቁትም። ከተማዋ የት እንዳለች እግዚአብሔር ይወቅ። ታዲያ ይኼን ልጅ ማን ጎዳው? አንድ በአንድ ቢቆጥሩት፣ ቢያገላብጡት፣ የቀረ ሰው የለም፤ እሳቸው ራሳቸው ናቸው። በዳይ ሆነው ቆመው አያውቁም። ሽማግሌ ይላክ ቢባል የሚላክ የለም።

ጋቢያቸውን ከትከሻቸው አወረዱ። ወደ አልጋው ግርጌ ሄደው ተንበረከኩ፤ ብርድ ልብሱን ገልጠው የልጁን እግር ጨበጡና ግንባራቸውን አስደገፉበት።

"አጥፍቻለሁ" አሉ። "ማረኝ።"

ምስጋናው እሳት እንደነካው ዘሎ ተነሣ። "ኧረ አያ! ምን እየሆኑ ነው? ነውር ነው! ይነሡ!"

"ይቅር ሳትለኝ አልነሣም።"

"ይነሡ እባክዎን! ሔዋን፣ አንሻቸው!" ብብታቸውን ይዞ ሊያነሣቸው ታገለ፤ እሳቸው ደግሞ ከብደዋል፤ አልነሣ አሉ። ያን ጊዜ ልጁ ገነፈለ። "ከተማዬን ነጠቁኝ እኮ! እዚያ ሰው ነበርኩ! የሚፈራኝ፣ የሚጠራኝ ነበረኝ! ምን አገባዎት? ምኑን አውቀው ነው?" እንባና ንፍጡ ተደባለቀ።

"ምኑንም አላውቅም" አሉ አያ ታረቀኝ ከመሬት። "አልገባኝም። እስካሁንም አልገባኝም። ምን እንደ ነጠቅሁህ እንኳ አላውቀው፤ ንገረኝ።"

አጎቱ መሬት ተንበርክከው እሱ በላያቸው ሊቆም አልሆነለትም። እጁን እያወናጨፈ ቆየና እሱም መሬት ላይ፣ ፊት ለፊታቸው፣ ዝርፍጥ ብሎ ተቀመጠ። ፊቱን በእጅጌው ጠረገ።

"አድማስ ወንዝ አላት" አለ እየተነጫነጨ። "የእኔ ጣቢያ ከድልድዩ ማዶ ነው።"

"የምን ድልድይ?"

"የለም እኮ አያ! ማለቴ... አለ፤ ግን የለም።"

አያ ታረቀኝ ጭራሽ ጠፋባቸው። እግራቸውን አጣጠፉ፣ ጋቢያቸውን ሳቡና ተደላደሉ።

"እሺ" አሉ። "ድልድዩን ተሻገርን። ከዚያስ?"