ስድስተኛዋ የስፌት መኪና

ጎረቤቷ እናኑ ከንፍሮው ዘግና በትርንጎ መዳፍ ላይ አደረገችላት።

«ቅመሺ እንጂ፣ ከትናንት ጀምሮ እህል አልነካሽም።»

ትርንጎ ንፍሮውን ጨበጠችው እንጂ አልበላችም። አባቷ ሐብተ ማርያም ከተቀበረ ሁለተኛ ቀኑ ነው። ከአዘዞ በላይ ባለው ጋራ ላይ ካለችው ቤታቸው በርጩማው ሁሉ ወጥቶ፣ ለቀስተኛው መሬት ላይ በተጎዘጎዘው ሣር ላይ ተቀምጧል። ትርንጎ በሰባት ዓመቷ በሽታ ሁለቱንም እግሮቿን ካሰለለባት ወዲህ ሰውን አንጋጣ ነበር የምታየው። በእነዚህ ቀኖች ግን ሁሉም ወደ እሷ ወርዶ፣ ዓይን ለዓይን ያወራታል። ነገ ሰልስቱ ሲወጣ ሣሩ ይጠረጋል፤ ሰዉም ይነሣል። እሷ እዚያው ትቀራለች።

አጎቷ በላቸው ነገሩን ቆርጦታል። አርባው እንደወጣ አይከል ወስዶ ቤቱ ያስቀምጣታል፤ ጥጥ እየፈተለች ትኖራለች። ይህንን ለእያንዳንዱ ለቀስተኛ ሲናገር ሰምታለች። ለእሷ ግን አልነገራትም።

ሐብተ ማርያም ልጁን አዝሎ ቤተ ክርስቲያን ሲያደርሳት ኖሯል። ጎረቤቶች ከደጀ ሰላሙ ብትቀመጥ ምጽዋት አታጣም ሲሉት፣ የሐብተ ማርያም ልጅ ለሰው እጇን አትዘረጋም ብሎ አንድ ክረምት ሙሉ አኩርፏቸዋል። እህል ባነሰ ጊዜ እሷ ጠግባ እሱ ጦሙን ያደረበት ቀን ብዙ ነው።

የዛሬ ሁለት ዓመት፣ ጣሊያን በወጣ በአሥራ አራተኛው ዓመት፣ ሁለት እንግዶች መጥተው ነበር። አንደኛው የሆስፒታል ሠራተኛ ነው፤ ሌላው በጎንደር አራዳ የልብስ ስፌት ሱቅ ያላቸው ሐጂ አብዱልጀሊል። ሆስፒታሉ እግራቸው ለማይሄድላቸው ስድስት ሰዎች ስፌት ሊያስተምር፣ ሐጂ ደግሞ በእጅ የሚዞር መኪና ገዝተው ሊቀጥሯቸው ተስማምተዋል። የሆስፒታሉን አንሶላና የበሽተኛ ልብስ ይሰፋሉ። ከሱቁ ጀርባ ለሴቶች ማደሪያ አለ። ትርንጎ ትንፋሿን ይዛ አባቷን አየችው። እሱም ወተት አቀረበላቸውና፣ እኔ በሕይወት ሳለሁ ልጄ የሰው ቅጥረኛ አትሆንም ብሎ ሸኛቸው። ከዚያ በኋላ ሳምንት ሙሉ እግሯን ሊያጥብ ሲመጣ በእጇ እየጎተተች ትሰበስበው ነበር።

በሰልስቱ ቀን፣ ፍትሐቱ ካለቀ በኋላ፣ ሐጂ አብዱልጀሊል መጡ። በቅሏቸውን ከዳገቱ ሥር አስረው በእግራቸው ወጡ፤ እንደ ሌላው ሰው ሣሩ ላይ ተቀመጡ። ወደ ትርንጎም ጠጋ አሉ።

«አባትሽ ባለፈው ጥር ሱቄ መጥተው ነበር።»

«አባቴ?»

«ለብቻቸው። ይኸ ሥራ ትከሻ ይጎዳ እንደሆነ ልየው ብለው መኪናው ላይ ተቀመጡ። ግማሽ ቀን እጀታውን ሲያዞሩ ዋሉ። የሰፉትን እንኳ አትጠይቂኝ፤ ለጆንያም አይሆንም።»

እናኑ ሳቋን በነጠላዋ ጫፍ ደበቀችው።

«ሲሄዱ ምን አሉኝ መሰለሽ፤ ‹ስድስተኛዋን መኪና አቆይልኝ። እኔ ስሞት ናና ልጄን ውሰዳት። በቁሜ ግን ማብላት አቃተው አልባልም።› እኔም ቃሌን ጠበቅሁ። ሆስፒታሉ ከነገ ወዲያ ሰኞ ለአዲስ ተማሪዎች ትምህርት ይጀምራል። ያን ቀን ካልተገኘሽ ቦታሽን ለሌላ ይሰጡታል፤ ከእንግዲህ ብለምናቸውም አይሰሙኝም።»

ትርንጎ ከጥር እስከ ጥቅምት ያሉትን ወሮች አሰበች። ያን ሁሉ ጊዜ አንድ ቤት ውስጥ፣ ከአንድ ገበታ ሲበሉ፣ እሱ ያውቅ ነበር። በሩ የሚከፈተው እሱ ሲሞት ብቻ እንዲሆን አድርጎ፣ እሷ ደግሞ እንዲሰነብትላት በየቀኑ ስትጸልይ ኖራለች። ልትጠላው ፈለገች። መኪናው ፊት ተቀምጦ ትከሻውን እያሸ ታያትና አልሆነላትም።

«ምነው ሐጂ፣» አለ በላቸው፣ «አርባው ሳይወጣ? አፈሩ እንኳ አልደረቀም። አገሩ ምን ይለኛል?»

«አባቴም ይኸንኑ ነበር የሚፈራው፣» አለች ትርንጎ። ወደ አጎቷ ዞረች። «አያ በላቸው፣ ለአርባው እመጣለሁ። ዛሬ ግን ከበቅሎዋ አድርሱኝ።»

በላቸው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ከሰዉም የተነሣ የለም። ሣሩን የሚጠርጉት ሴቶች እንኳ ጎንበስ እንዳሉ ቀሩ። ትርንጎ በእጆቿ መሬቱን እየገፋች ወደ በሩ መንፏቀቅ ጀመረች። ግማሽ መንገድ ስትደርስ ጎረቤታቸው አድማሴ መጥቶ ፊቷ ቁጢጥ አለና ጀርባውን ሰጣት።

አዝሏት ከቤት ሲወጣ የከሰዓት በኋላው ፀሐይ ፊት ለፊት መጣባቸው። አባቷ ሲያዝላት ሁለቱም እጆቹ ስለሚያዙ ፀሐዩን የምትከልልለት እሷ ነበረች። ሳታስበው መዳፏን ዘርግታ ከአድማሴ ዓይኖች በላይ ጋረደችለት።

«ተዪው፣ ይታየኛል፣» አላት።

እጇን አላወረደችም።