ሰላምታው እስኪያልቅ

ከበሽተኛ ጋር ስለመነጋገር ሥልጠና ግባ ስባል «ማውራት ደግሞ ሥልጠና ይፈልጋል?» ብዬ ተነጫነጭኩ። ከላሊበላ ወጣ ብላ ባለች ጤና ጣቢያ ብቸኛው ሐኪም እኔ ነኝ፤ በገበያ ቀን ሰዉ ከበሩ እስከ አጥሩ ይሰለፋል። የናፈቀኝ ወሬ የሚያስተምረኝ ሳይሆን በሽተኛ የሚያይልኝ ሰው ነበር።

አሠልጣኛችን ዶክተር ማኅሌት የሰጠችን የቤት ሥራ ይባስ አናደደኝ። «ሰላምታው እስኪያልቅ እስክሪብቶ አታንሱ» አለች። የላስታን ሰላምታ የሚያውቅ ያውቀዋል። ከራስ ጤና ተነስቶ ቤቱን፣ ልጆቹን፣ ከብቱን፣ አዝመራውን፣ ሰንበቱን ሳያዳርስ አያልቅም። እኔ «ደህና ዋሉ፤ ምንዎን ነው የሚያምዎት?» ብዬ በአንድ ትንፋሽ ነበር የምገላገለው።

በማግስቱ ማኅሌት ጤና ጣቢያዬ መጥታ፣ ጥግ ላይ ተቀምጣ ስታየኝ እማማ የሻረግ ገቡ። ከደጋው የሚመጡ ገበሬ ናቸው። ራስ ምታት ብለው ደጋግመው መጥተው፣ እኔም ደጋግሜ ማስታገሻ ሰጥቻቸው ነበር። እስክሪብቶዬን አስቀምጬ ቀና አልኩ።

«እንዴት ሰነበቱ እማማ?»

«ተመስገን፤ አንተ እንዴት ሰነበትህ?»

«ቤቱ፣ ልጆቹ፣ ከብቱ?»

«ሁሉም ደህና ነው።»

ማኅሌትን በጎን አየኋት። ቀጥል በሚል ዓይን አየችኝ።

«አዝመራውስ?»

«ባቄላው ዘንድሮ አማረ። እኔ ነኝ ቆሎ ማኘክ የተውሁት። ትንሽ ሳኝክ መንጋጋዬ ይዝላል።»

ይህን ነግረውኝ አያውቁም። እኔም ጠይቄያቸው አላውቅ።

«ሰንበትስ እንዴት ነበር? ቤተ ክርስቲያን ሳሙ?»

የነጠላቸውን ጫፍ ያፍተለትሉ ጀመር። እኔም እንደታዘዝኩት እስክሪብቶ ሳላነሳ ጠበቅኩ። የዚያን ያህል ከባድ ሥራ ሠርቼ አላውቅም።

«ሳምሁ» አሉ ቀስ ብለው። «ቅዳሴው ሳያልቅ የመቅደሱ መጋረጃ የተዘጋ መሰለኝ። አጠገቤ የቆመችውን ብጠይቃት ክፍት ነው አለችኝ። ለካ የጨለመው የቀኝ ዓይኔ ነው። ቆይቶ ተመለሰ። ለልጆቼም አልነገርሁ።»

ተነስቼ ጆሮ ግንዳቸውን ብዳስስ የደም ሥሩ አብጦ ጠጥሯል፤ ስነካው አፈገፈጉ። በመጽሐፍ ብቻ የማውቀው በሽታ ነው። ያ የደም ሥር ሲቆጣ መጀመሪያ ራስን ያማል፣ ከዚያ መንጋጋን ያዝላል፣ ከዚያ ዓይንን ለአፍታ ያጨልማል፣ በመጨረሻም ይወስደዋል፤ አንዴ የወሰደውን አይመልስም። ቁጣውን የሚያበርደውን መድኃኒት፣ ፕሬድኒሶሎን፣ እዚያው አስዋጥኳቸውና ወደ ሆስፒታል የሚያደርሳቸው መኪና ጠራሁ።

ከሄዱ በኋላ ወንበሬ ላይ እንደተቀመጥኩ ቀረሁ። በሽታው ሁሉ፣ ከነቅደም ተከተሉ፣ እኔ ጊዜ ማባከን በምለው ሰላምታ ውስጥ ተቀምጦ ሲጠብቀኝ ኖሯል። ሰው ስንት ዘመን እርስ በርሱ ሲጠያየቅበት የኖረ ነገር ነው? አቡነ ዮሴፍ ተራራ ሥር እንደቆመ ሰው አነስኩ። ተደነቅኩ፤ አፍሬም ተደነቅኩ።

እማማ የሻረግ ከሆስፒታል ሲመለሱ ወደኔ ጎራ አሉ። ራስ ምታቱ ለቋቸዋል፤ ሁለቱም ዓይኖቻቸው ያያሉ። ውጭ ሰልፉ እንደተለመደው ረዝሟል፤ እኛ ግን ሰላምታውን በሙሉ አዳረስን። ሲያልቅ ፊቴን ትኩር ብለው ያዩኝ ጀመር።

«ምነው እማማ?»

«ባለፈው ቀና ብለህ ስታየኝ ነው ልናገር የደፈርሁት» አሉ። «ከዚያ በፊት አናትህን እንጂ ፊትህን አላውቀውም ነበር። ተመስገን፣ ዓይኔ ሳይጠፋ አየሁት።»