በሁለት በሮች መካከል

እኛ ደሴት ላይ መግባትም መውጣትም በአንድ ክፍል ነው። ክፍሉ ሁለት በር አለው፤ አንዱ ወደ ባሕሩ፣ አንዱ ወደ ወፎቹ። ሁለቱ በአንድ ጊዜ ተከፍተው አያውቁም። ግድግዳው እስከ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፤ ውስጡ አንድ ጠረጴዛና አንድ አምፖል ብቻ አለ። እስር ቤት እንኳ መስኮት አያጣም። የሚመጣ ሰው ሻንጣው ተራግፎ፣ ኪሱ ተገልብጦ፣ የጫማው ሶል ሳይቀር ተቦርሾ ነው የሚያልፈው።

ይህ ሁሉ ጣጣ ለአንዲት ወፍ ነው። የዋሂት እንላታለን። አትበርም፣ እንቁላሏን ሜዳ ላይ ትጥላለች፣ ሰው ሲያጋጥማት ከመሸሽ ይልቅ ጫማውን ልታይ ትጠጋለች። ከዚህች ደሴት በቀር የትም የለችም። አንዲት ያረገዘች አይጥ ከገባች በኋላ የየዋሂት ወሬዋ ብቻ ነው የሚቀረው።

ያን ቀን ጠዋት ግን እኔ ስለ ወፍ የማስብበት ልብ አልነበረኝም። የሥራ ጊዜዬ አልቆ ወደ ቤቴ ልሄድ ነው። የምትተካኝ ልጅ ከጀልባ ወርዳ ክፍሉ ውስጥ ገብታለች፤ ከዩኒቨርሲቲ ገና መውጣቷ ስለሆነ በልቤ ተመራቂዋ ብያታለሁ። እናቴ ደግሞ ልጄን ይዛ፣ እኔን ልትወስድ በዚያው ጀልባ መጥታ ከበሩ ውጭ ድንጋዩ ላይ ቆማለች።

ልጄ አያቷን እማዬ ትላለች። እኔን እታለም ትለኛለች፤ ታናናሾቼ ሲጠሩኝ ሰምታ ነው። ሲነግሩኝ ስቄ ነበር፤ ማታ ግን አልሳቅሁም። ይህን ላስተካክል ነበር የምሄደው። ያን ጀልባ ካጣሁ ደግሞ የዋሂት የምትፈለፍልበት ወቅት ይገባል፤ ጫጩቶቹ ጠና እስኪሉ ማንም ጀልባ ወደ ደሴቷ አይጠጋም።

ሻንጣዬ ከባሕሩ በር ሥር ተቀምጧል። ዚፑ ከተበላሸ ሰንብቷል፤ በገመድ ጠፍሬዋለሁ። ተመራቂዋ ዕቃዋን አንድ በአንድ ጠረጴዛው ላይ አራገፈችና መጨረሻ ላይ የጨርቅ ቋጠሮ አወጣች።

«ይቺን እናትሽ ናቸው የሰጡኝ። እዚያ ለሚቀሩት አድርሺልኝ ብለው» አለች።

እናቴ ሰው ባዶ እጁን ሲሄድ ካየች ያማታል። ምንም እንዳትልክ ስንት ጊዜ ነግሬያታለሁ። ቋጠሮውን ፈታሁት፤ ብስኩት ነው። ከብስኩቱ መሀል አንዲት አይጥ ብድግ ብላ እጄን ረግጣ ወረደች። የት እንደገባች አላየንም።

ደንባችን አጭር ነው። ክፍሉ ውስጥ የሚንቀሳቀስ ነገር ከታየ ሁለቱም በር ይቆለፋል፤ እስኪያዝ ማንም አይወጣም። የባሕሩም በር ቢሆን የሚከፈተው ደሴቷ ድንጋይ ላይ ነው፤ አይጥ ከዚያም ዞራ ወፎቹ ጋ ትደርሳለች። ቁልፉን ያዞርኩት ራሴ ነኝ፤ ከቋጠሮው አይጥ መውጣቷንም ውጭ ላሉት ጮኬ ነገርኳቸው።

ተመራቂዋ ጠረጴዛው ላይ ወጥታ ቆማለች።

«አይጥ ትፈሪያለሽ?»

«አልፈራም። እጠላለሁ።»

«በይ ውረጂና እየጠላሽ ፈልጊ።»

ጠረጴዛውን ገለበጥን፣ ቦት ጫማዎቿን አራገፍን፣ ብርድ ልብሷን ዘረጋን፣ ይዛ የመጣችውን ሁሉ ደግመን ደጋግመን ፈተሽን። የለችም። ክፍሉ ሞቀ፤ ላቤ ዓይኔ ውስጥ ገባ።

ጀልባ ነጂው በሩን አንኳኳ። «ልጄ፣ ነፋሱ እየተነሣ ነው። ምን ይሻላል?»

«ትንሽ ይጠብቁኝ፣ አባባ።»

«እኔ ብጠብቅሽ ባሕሩ አይጠብቅም።»

ቀጥሎ የእናቴ ድምፅ መጣ። «ከኔ ቋጠሮ ነው አሉ? እጄን በቆረጠው! ስሚኝ ልጄ፣ በሩን ገርበብ አድርጊና ሹልክ በይ። አንዲት አይጥ ናት እኮ።»

ተመራቂዋ ተጠጋችኝ። «ሂጂ። እኔ እይዛታለሁ። ለማንም ትንፍሽ አልልም።»

ሻንጣዬን አነሣሁ። በሌላው እጄ ቁልፉን ያዝኩ። ማንም አያውቅብኝም ነበር። ግን ከክፍሉ ጀርባ አንዲት የዋሂት እንቁላሏን ታቅፋለች፤ ጠዋት ሳልፍ አንገቷን አስግጋ አይታኛለች። አይጥ ስትመጣም እንደዚያው ነው የምታያት። ሻንጣዬን መልሼ አስቀመጥኩት።

«እማዬ፣ እታለም አትመጣም?» አለች ልጄ ከውጭ። እኔን አይደለም የጠየቀችው።

«ትመጣለች» አለቻት እናቴ። «ሌላ ጊዜ ትመጣለች።»

ሞተሩ ተነሣ። ድምፁ እየራቀ ሲሄድ ግንባሬን ቆርቆሮው ላይ አስደግፌ አለቀስኩ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ይላሉ፤ ልጄ ደግሞ ምን በላች?

ጀልባው ሄዶ ጸጥ ሲል ከበሩ ሥር ኮሽ የሚል ነገር ሰማን። ተመራቂዋ ወደ ሻንጣዬ ጠቆመች። ገመዱን ፈታሁት። ከላይ ያስቀመጥኩት ለልጄ በእጄ የሰፋሁት ቀሚስ ነው። አይጧ ከእጥፋቱ ውስጥ ተመቻችታ ተኝታለች።

በቀሚሱ እንደ ጠቀለልኳት ጨረስኳት።

«ለምንድነው ሻንጣሽን ያልፈተሽነው?» አለች ተመራቂዋ፣ ድምፅዋ ቀጥኖ።

«የሚወጣ አይፈተሽም። ተፈትሾም አያውቅም።»

ሻንጣውን አንሥቼ ነበር እኮ። ይዤው ብወጣ አይጧም አብራኝ ጀልባ ላይ ትወጣ ነበር። የዋሂትም ትተርፍ ነበር፣ እኔም ይሄኔ ልጄን አቅፌ ባሕሩ መሀል ነበርኩ።

የወፎቹን በር ከፈትኩት። የዋሂት ደጁ ላይ ቆማ ጠበቀችኝ፤ ተጠግታ ጫማዬን አየችው።

«ዞር በይልኝ» አልኳት። አልሸሸችም።

ቀሚሱን አጥቤ አሰጣሁት። ጀልባው እስኪመለስ ያጥራታል።