የተራበች ፍየል አራተኛ ትውልድ

በ2011 ዓ.ም. መጋቢት፣ ወይጦ ባለው የፍየል ጣቢያ ሁለት በረት ነበር። በግራው የ2008ቱ ድርቅ እርጉዝ ሳሉ ያገኛቸው ፍየሎች የልጅ ልጆች፣ በቀኙ ያን ዓመት መኖ ተሰጥቷቸው ከረሃቡ የተረፉት የልጅ ልጆች አሉ። የሚበሉት ፉርሽካ አንድ፣ ያጠቃቸው አውራ አንድ፤ ሁሉም አርግዘዋል። በግራው በረት የተራቡት ፍየሎች ልጆችም የልጅ ልጆችም ሲወለዱ ትንንሽ ነበሩ።

ይህ ግን ለተመራማሪዋ ለትህትና ምንም አያረጋግጥላትም። በተራበችው እናት ሆድ ሴት ግልገል ነበረች፤ በግልገሏ ውስጥ ደግሞ ነገ የልጅ ልጅ የሚሆነው እንቁላል። ድርቁ ሦስቱንም አንድ ላይ መትቷል። ረሃብ በዘር መተላለፉን የሚመሰክረው አሁን የተረገዘው፣ ድርቁ በምንም በኩል ያልነካው አራተኛው ትውልድ ብቻ ነው። ሦስት ዓመት የጠበቀችው እሱን ነው።

ጣቢያውን ከጂንካ ሆኖ የሚመራው ኃላፊ አቶ ዘሩባቤል ለአጭር ስልጠና አዳማ ሄዶ ሳይንቲስት ሆኖ ተመለሰ።

«ረሃብ ጂን ላይ ምልክት ይተዋል» አለ ጂንካ በተጠራ ስብሰባ ላይ። «ስለዚህ የግራውን በረት መኖ በግማሽ እንቀንሳለን። ድርቅ የለመደ ግልገል ይወለዳል፣ ለአርብቶ አደሩ እናከፋፍላለን። ፕሮጀክቱን ‹ፅናት› ብዬዋለሁ።»

«አቶ ዘሩባቤል፣ የአካባቢያችን አርብቶ አደሮች በናዎች ስንት ዘመን ለምልክት የፍየል ጆሮ ሲቆርጡ ኖረዋል» አለች ትህትና። «ጆሮዋ ተቆርጦ የተወለደች ግልገል አይተው ያውቃሉ?»

ቤቱ በሳቅ ተሞላ። ንጽጽሩ ልክ እንዳልሆነ ታውቃለች፤ የተቆረጠ ጆሮ ዘር ውስጥ አይገባም፣ ረሃብ ግን ሊገባ ይችል ይሆናል፤ ለእሱ ግን ይበቃዋል ብላ ነው። የተራበች እናት ትንሽ ግልገል እንጂ ጠንካራ ግልገል አትወልድም ብትለው የሚሰማ ሰው አይደለም።

«አንቺ ሁልጊዜ አሉታዊ ነሽ» አላት። «ትእዛዙ ሰኞ ይወጣል።»

ወይጦ ስትደርስ የመኖ መጋዘን ጠባቂዋን ለመነቻት። «እትዬ ተዋበች፣ መኖው ከተቀነሰ አራተኛውንም ትውልድ ረሃብ ነካው፤ የሦስት ዓመት ሥራዬ ገደል ገባ።»

«ምን ላድርግሽ የኔ ልጅ? እኔ የያዝኩት ቁልፍ እንጂ ሳይንስ አይደለም።»

ትህትና አሰበች። ይህን ሰው ሳይንስ አያንቀሳቅሰውም። የቢሮው ግድግዳ ግን ከእንግዶች ጋር በተነሳው ፎቶ ተሸፍኗል። ስልኳን አነሳች።

«አቶ ዘሩባቤል፣ ለካ ፅናት ጥሩ ሐሳብ ነው። አንድ ነገር ብቻ አሳሰበኝ፤ የአዲስ አበባ እንግዶች ሲመጡ ፎቶ የሚነሱት ከየትኞቹ ፍየሎች ጋር ነው?»

«ከፅናቶቹ ነዋ!»

«የጎን አጥንታቸው ተቆጥሮ?»

«ያን ያህል ይከሳሉ እንዴ?»

«በግማሽ መኖ እርጉዝ ፍየል ምን ትሆናለች ብለው ነው? ደግሞ አንዱ ፌስቡክ ላይ ይለጥፈዋል።»

«ታዲያ ይሄን በስብሰባው ላይ አትናገሪም? አንዲት ቁና እንዳትቀንሱ!»

ድምፁ ከስልኩ ውጭ ይሰማ ነበር። ተዋበች አፏን በነጠላዋ ሸፍና ሳቀች። «እኔ ደግሞ ለፍየሎቹ ያዘነ መስሎኝ!»

ፍየሎቹ ሙሉ መኗቸውን እየበሉ ወለዱ። ዘሩባቤል ከእንግዶቹ ጋር ከረባት አስሮ መጣና ደንዳና ግልገል አቅፎ «የፅናት ውጤት» እያለ ፎቶ ተነሳ። ያቀፈው የቀኙን በረት ግልገል ነበር፤ ማንም አልነገረው።

ትህትና እያንዳንዱን ግልገል ገና እርጥብ ሳለ መዝናለች። የግራው በረት አማካይ የትውልድ ክብደት ሁለት ነጥብ አራት ኪሎ፣ የቀኙም ሁለት ነጥብ አራት ኪሎ ሆነ። ረሃቡ በዘር አልተላለፈም።