ሎሚ የሳተው በረኛ

ሰው በአንድ ዓይኑ ብቻ እያየ፣ እንደ ወንጭፍ ድንጋይ የሚወረወርን ጎማ እንዴት አድርጎ ይመልሳል? እማማ የወርቅውሃ ከረቡዕ ጀምሮ ይህንኑ ሲያላምጡ ሰነበቱ። ማንን ይጠይቁ? ቢናገሩ ልጁ ከሥራው ይባረራል፤ ዝም ቢሉ ያ ጥቁር ጎማ የቀረችውንም ዓይን ያፈሳታል።

ልጁ የካናዳ ሰው ነው። እማማ ያሳደጉት የልጅ ልጃቸው አምሐ፣ ኦክላንድ ውስጥ የአንድ ትንሽ የበረዶ ሆኪ ቡድን ማኔጀር ነው፤ ጨዋታው በረዶ ላይ እየተንሸራተቱ ትንሽ ክብ ጎማ በዱላ መትቶ ጎል ማግባት ነው። ማደሪያ ያጣውን ተጫዋች “ለጊዜው” ብሎ ቤት ካመጣው ስድስት ወር አለፈው። ስሙ ለእማማ ምላስ አልመች አለ፤ ሥራው ደግሞ በረኛ ነው፤ ስለዚህ ጋሻው አሉት። እሱም ሲጠሩት “አቤት” ማለት ለመደ።

ጠዋት ጠዋት ከጓሮው ዛፍ ሎሚ እየቀጠፉ ይወረውሩለታል፤ በግራ እጁ ቀለብ ያደርጋታል። አንድም ቀን ስቶ አያውቅም ነበር። ባለፈው ሳምንት ልምምድ ላይ ጎማው ፊቱን መታው፤ ለሐኪሙም ለአምሐም “ደህና ነኝ” አለ። ረቡዕ ጠዋት ግን በግራ በኩል የወረወሩለት ሎሚ ጆሮ ግንዱን አለችው። ሁለተኛዋም እንዲሁ። ሦስተኛዋን እማማ እጃቸው ላይ አስቀሯት። ጋሻው ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ በዓይኑ ለመናቸው።

ዛሬ ቅዳሜ ነው፤ ከሳን ሆዜ የመጣ ቡድን ማታ ይገጥማቸዋል። የተሸነፈ ለዘንድሮ አበቃለት። አምሐ የማድቤቱን ስልክ ጠረቀመው።

“ሁለተኛው በረኛ እጁን ሰብሯል፤ አውቶቡሱ ተበላሸ ይሉኛል፤ የሜዳው አይስ አልጠነከረም ይሉኛል፤ የቡድኑ ባለቤት ደግሞ እኔ ላይ ይጮሃል! እኔ ማኔጅ የማደርገው ቡድን ነው ወይስ እብድ ቤት?”

እማማ ወንበራቸውን ገፍተው ተነሡና ወለሉ መሐል ቀጥ ብለው ቆሙ።

“ምነው እማማ? ይቀመጡ እንጂ።”

“አልቀመጥም።”

“ጉልበትዎን ያምዎታል እኮ።”

“ጉልበቴን ለኔ ተወው። የምለምንህ ነገር አለኝ፤ እሺ ካላልከኝ እዚሁ ቆሜ አድራለሁ።”

አምሐ ገባው። ሽምግልና ነው። ሽማግሌ ቆሞ ሲለምን ተቀምጦ የሚሰማ ልጅ አላሳደጉምና፣ እሱም ሰዓቱን እያየ ተነሣ።

“እማማ፣ በዚህ ሰዓት? ሃያ ደቂቃ ነው ያለኝ! በሉ እሺ፣ ምንድን ነው?”

“ጋሻውን ከሥራው አላስወጣም በል።”

“ማን ያስወጣዋል? ከሱ ሌላ ማን አለኝና!”

“ማልልኛ እንግዲያው።”

“የእናቴን አፅም! አላስወጣውም። አሁን ይቀመጡ።”

“ምንም ብትሰማ?”

“ምንም ብሰማ።” ከዚያ ቅንድቡ ተሰበሰበ። “ምንድን ነው የምሰማው?”

እማማ ተቀመጡ። “ልጁ አያይም።”

“ማ? ጋሻው? ትናንት ጋዜጣ ሲያነብ አይቼዋለሁ!”

“በቀኙ ነዋ! ግራው ጨለማ ነው። ሎሚዋን ሳታት፤ ሁለቴ።”

አምሐ ራሱን በሁለት እጁ ያዘ። “መጀመሪያ አስምለውኝ! ላሰልፈው፣ ዓይኑ ሊጠፋ ነው። ላላሰልፈው፣ ጎሉ ባዶ ነው። ባለቤቱ ከሰማ ‘ዛሬውኑ ሪሊዝ አድርገው’ ነው የሚለኝ። በምን አፌ? አሁን እኮ ማልኩ!”

“ሌላ ሥራ ስጠው። የመንሸራተቻ ጫማ ስለት ይሳል፣ በረዶውን ይጥረግ።”

“የሆኪ ቡድን የዘመድ ቤት አይደለም እማማ!”

“ይሄ ቤት ግን ነው። እንግዳህን ዓይኑን አጥፍተህ ልትሸኘው ነው?”

አምሐ ድምፁን ዝቅ አደረገ። “ጭራሽ አያይም?”

“ጭራሽ። ይኸው፣ እንዲህ” አሉና ግራ ዓይናቸውን በመዳፋቸው ከደኑ።

በቀረችው ዓይናቸው ጋሻውን አዩት። ለማታው ግጥሚያ ሁለት ሻንጣ፣ የዕቃና የልብስ፣ ይዞ ደረጃው ሥር ቆሟል። ከአማርኛ “አቤት”ንና “ብላ”ን እንጂ ሌላ አያውቅም፤ ያ መዳፍ ግን አስተርጓሚ አላስፈለገውም። እማማ እጃቸውን አወረዱ። ምን ዋጋ አለው።

“ጋሻው!” አሉት።

አቤት አላለም። የሆኪ ዕቃውን ሻንጣ ከፈተና በግራው የሚያጠልቃትን ትልቋን ጓንት አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ፣ ሎሚዎቹ አጠገብ አስቀመጣት። የልብሱን ሻንጣ ብቻ አነሣ። አምሐ በእንግሊዝኛ ቆይ፣ ማንም አላባረረህም፣ ሐኪም እንሂድ እያለ ተከተለው። እማማ ያስማሉት አምሐን ነው፤ ጋሻውን አላስማሉትም።

ሲወጣ ግራ ትከሻው ከበሩ መቃን ጋር ተላተመ። ዞር እንኳ ሳይል የደጁን ደረጃ ወረደ።