ስኳር የጠጣው ቀሚስ

በእኛ ትምህርት ቤት የመጨረሻውን ፕሮጀክት ሁለት ጊዜ የወደቀ ተማሪ ሦስተኛ ዕድል የለውም፤ መቀሱን ይዞ ወደ ቤቱ ይሄዳል። እኔ አንዱን ወድቄ ነበር። አምና ያቀረብኩት ቀሚስ ስፌቱ ቀጥ ያለ፣ ዚፑ የማይነክስ፣ ከውስጥ ገልብጠው ቢያዩት እንኳን የማያሳፍር ነበር። መምህርታችን ሁለት ጊዜ ዞሩትና «ለምን?» አሉኝ። «ለሠርግ» አልኳቸው። ዜሮ ሰጡኝ።

መምህርቷ የራሳቸው ስም አላቸው፤ እኛ ግን ከጀርባቸው «እትዬ ለምን» ነበር የምንላቸው። ቀሚስ መስፋትማ ልብስ ሰፊም ይችላል፣ እናንተ ሞክሩ እንጂ፣ ይላሉ። እሳቸው ዘንድ ተማሪ የሚያልፈው በልብሱ ሳይሆን በሙከራ ደብተሩ ነው። ምን ሞከርሽ፣ ምን ተበላሸ፣ ለምን ተበላሸ፣ ሁሉም ይጻፋል። አንድ ጥብቅ ደንብ ደግሞ አላቸው፤ ዘዴው ከተማሪው ከራሱ ሙከራ የወጣ መሆን አለበት። ከሌላ ሰው የተወሰደ ከሆነ ያው ዜሮ ነው። የዘንድሮ ደብተሬን የመጀመሪያ ገጽ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ብዬ ጀመርኩ። ለካ ክፍሉ በሙሉ ይህንኑ ጽፎ ኖሯል። በሁላችንም ደብተር ላይ በቀይ እስክሪብቶ «አንበሳው ለምን ይታሰራል?» የሚል ተጽፎ ተመለሰልን።

ዘንድሮ የመረጥኩት ኪሮሽ ነው። ምክንያቴ ጥልቅ አልነበረም። ሌላውን ሌሎች ቀድመው ወስደውታል፣ ኪሮሽ ደግሞ ቤቴ ውስጥ ሞልቷል። ያሳደገችኝ አክስቴ፣ የእናቴ ታላቅ እህት፣ አርባ ዓመት ሙሉ ኪሮሹን ከእጇ አላወረደችም። ቤታችን ውስጥ ዳንቴል ያልለበሰ ዕቃ አይገኝም። ቴሌቪዥኑ ለብሷል፣ ራዲዮው ለብሷል፣ ስልኩም የስልኩ ጠረጴዛም ለብሰዋል። እንግዳ መጥቶ ብዙ ሳይነቃነቅ ከተቀመጠ እሱንም የምታለብሰው ይመስለኝ ነበር። እውነቱን ለመናገር አፍርበት ነበር። የፋሽን ተማሪ ነኝ እያልኩ ጓደኞቼን ወደዚያ ቤት ማስገባት አልቻልኩም።

እንድታስተምረኝ ስጠይቃት ግን አልተመጻደቀችም። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» አለችና ኪሮሹን እጄ ላይ አስቀመጠችልኝ። በመጀመሪያው ቀን ሰንሰለቱን ተማርኩ። በሁለተኛው ቀን ዙሩን ተማርኩ። በሦስተኛው ቀን ሁሉን ያወቅሁ ስለመሰለኝ ሙከራ ጀመርኩ።

መጀመሪያ የፌስታል ከረጢቶችን እንደ ክር ቀጭን አድርጌ ቆርጬ ሠራሁባቸው። የወጣው ጃኬት ሲራመዱበት ይንኮሻኮሻል። አክስቴ ለብሼው ሳሎኑን ስዞር አይታ፣ «ይሄንን ለብሰሽ ሰው ማማት አትችዪም፤ ገና በር ላይ ሳለሽ ይሰሙሻል» አለችኝ። ቀጥዬ የድሮ ካሴት ፈትቼ በጥቁሩ ጥብጣብ ጉርድ ቀሚስ ሠራሁ። ሲያዩት ያብለጨልጫል፤ ግን እየተለጠጠ ወርዶ ጠዋት ጉልበት ላይ የነበረው ከሰዓት መሬት ጠረገ። «የማን ካሴት ነው?» አለች አክስቴ። ጆሮ ዳባ ልበስ ብዬ መቁጠሬን ቀጠልኩ፤ የእሷ ነበር። ከዚያ ከሱፍ ክር የሠራሁትን ሹራብ ጥቅጥቅ እንዲልልኝ ብዬ የፈላ ውሃ ውስጥ ከተትኩት። ጥቅጥቅስ አለ፤ ለድመት የሚሆን ሆኖ ወጣ። ደብተሬ ላይ «ለምን?» የሚለው ጥያቄ ሲመጣ የምለው ስላጣሁ «የሰውነት መጠን በኅብረተሰብ ላይ የጫነው ጫና» ብዬ ጻፍኩ። እትዬ ለምን ደስ ብሏቸው ሁለት ጊዜ አሰመሩበት። ያን ቀን ትምህርት ቤቱ ምን እንደሚያስተምር ገባኝ።

ዋናው ሥራዬ ራሱን ችሎ የሚቆም ቀሚስ ነው። ጉርዱ እንደ ተደፋ ሳፋ ክብ ብሎ የሚነፋ፣ ኮሌታው ከጆሮ በላይ የሚወጣ። በወረቀት ላይ ስስለው ቆሞ ነበር። በክር ስሠራው ተኛ። ኮሌታው የታመመች ዶሮ ክንፍ ይመስል ትከሻ ላይ ተዘረጋ። በሙጫ ሞከርኩት፤ ቢጫ ሆኖ ተሰነጣጠቀ። ሽቦ አስገባሁበት፤ ለብሳ ልታሳይልኝ የነበረችውን ጓደኛዬን ብብቷን ወጋትና «ከፋሽን ሕይወቴ ይበልጥብኛል» ብላ ጥላኝ ሄደች። የቀረኝ አራት ሳምንት ብቻ ነበር። አልጋዬ ጫፍ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

አክስቴ ከመነጽሯ በላይ ስታየኝ ቆየችና «ስኳር አጠጪው» አለችኝ።

«ምን?»

«ስኳር ነዋ! እነዚህ ቆመው የምታያቸው ዳንቴሎች በጸሎት የቆሙ መሰሉሽ እንዴ? አንድ ብርጭቆ ውሃ፣ ሁለት ብርጭቆ ስኳር። አፍልተሽ ትነክሪውና ጨመቅ አድርገሽ ድስት ላይ ትወጥሪዋለሽ። ፀሐይ ይጨርስልሻል። ቅርንፉድ ጣል ማድረግ ደግሞ እንዳትረሺ።»

«ቅርንፉድ ለምን?» አልኩ፤ የመምህርቷ ልማድ ተጋብቶብኝ።

«ለጉንዳን።»

ለሙከራ የሠራሁትን አንድ ኮሌታ አብረን ነከርነው፤ በትልቁ ድስት ላይ ወጥራ በመርፌ ያዘችው። በማግስቱ ከድስቱ ሳወጣው ቆመ። በጣቴ ሳንኳኳው እንደ በር ድምፅ ሰጠ። አንገቷን አቅፌ ሳምኳት፤ ከዚያ ወደ ክፍሌ ገብቼ ደብተሬን ከፈትኩና ጻፍኩ፦ «ሙከራ አሥራ አንድ። በተማሪዋ ረጅም ጥናት የተገኘ፣ ከተፈጥሮ ውሕድ የተዘጋጀ የክር ማጠንከሪያ ዘዴ።»

ዓይኔን በጨው አጥቤ ነው የጻፍኩት። ስሟን ብጠቅስ ዜሮ ነው፤ ዜሮ ማለት ደግሞ መቀስ ይዞ ቤት መግባት ነው። ይቅርታ ልጠይቃት አስቤ ነበር። ግን ይቅርታ ለመጠየቅ መጀመሪያ ያደረግሁትን መንገር ይኖርብኛል፤ ስለዚህ ይቅርታውን ለሌላ ቀን አቆየሁት።

ዋናውን ቀሚስ ትምህርት ቤቱ ወርክሾፕ ውስጥ ለብቻዬ አጠጣሁት። ቅርንፉዱን ተውኩት። አንደኛ፣ ነጩን ክር ያጎድፍብኛል ብዬ ፈራሁ። ሁለተኛ፣ በረጅም ጥናት በተገኘ ውሕድ ውስጥ «ለጉንዳን» የሚል ነገር እንዴት ብዬ ላስገባ? ሲደርቅ ቁምሳጥን ውስጥ ቆልፌበት ሄድኩ። ሁለት ቀን እዚያ ቆየ።

በማቅረቢያው ቀን ቤተሰብ ተጋብዟል። አክስቴ እንዳትመጣ ሰዓቱን አዘግይቼ ነግሬያት ነበር፤ እሷ ግን እንዳይረፍድባት ብላ ሁለት ሰዓት ቀድማ መጥታ የፊተኛው ወንበር ላይ ተቀምጣለች። አዲሱን ጫማዋን አድርጋ፣ ጠርዙን ራሷ በኪሮሽ የሠራችውን መሐረብ ይዛለች። ፈታኞቹ ሦስት ናቸው፤ እትዬ ለምን፣ ትልቅ ሱቅ ያላቸው ልብስ ሰፊ፣ እና መነጽሩን ግንባሩ ላይ የሰቀለ የሥዕል ማሳያ ባለቤት።

ቁምሳጥኑን ከፈትኩ። ከመስኮቱ የተነሣ የጉንዳን ሰልፍ ግድግዳውን ወርዶ፣ በቁምሳጥኑ ስንጥቅ ገብቶ፣ ኮሌታዬ ላይ ከትሟል። ባራግፍ ባራግፍ ይመጣል። እንድትለብስልኝ ያግባባኋት የአንደኛ ዓመት ልጅ አንዴ አይታ «እኔ ሞዴል ነኝ እንጂ ማር አይደለሁም» አለችና ወጣች። ቀሚሱን ባለጎማው የእንጨት ልብስ ማሳያ ላይ ሰቅዬ እየገፋሁ አዳራሹ መሃል አቆምኩት።

ፈታኞቹ ጠጋ ብለው ጎንበስ አሉ። እትዬ ለምን አንዷን ጉንዳን ከጉርዱ እስከ ኮሌታው በዓይናቸው ተከተሏትና ቀና ብለው «ለምን?» አሉ።

«ልብስን ማን ይለብሰዋል ብለን ነው ሁልጊዜ የምንጠይቀው» አልኩ አፌን ሞልቼ። «እኔ ማን ይበላዋል ብዬ ጠየቅሁ።»

የሥዕል ማሳያው ባለቤት መነጽሩን ከግንባሩ አውርዶ ዓይኑ ላይ አደረገ። «ድፍረት ነው» አለ። ልብስ ሰፊው ቁርጭምጭሚታቸውን እያከኩ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አሉ። እኔም ማለፌ ነው ብዬ ትንፋሼን ለቀቅሁ።

«አንቺ ልጅ! ቅርንፉዱን አልጨመርሽም እንዴ?»

አክስቴ ተነሥታለች። በመሐረቧ ጉንዳኖቹን እየጠረገች፣ «ነግሬያት ነበር እኮ፤ ለሁለት ብርጭቆ ስኳር አራት ፍሬ ይበቃዋል» ብላ ለልብስ ሰፊው ማስረዳት ጀመረች። አዳራሹ ሳቀ። እትዬ ለምን ግን አልሳቁም። ደብተሬን ገጽ በገጽ ገልጠው ሙከራ አሥራ አንድ ላይ ደረሱና አነበቡት። ከዚያ አክስቴን በትሕትና ጠየቋት።

«እናቴ፣ ይህን ዘዴ ከዚህ በፊት ያውቁት ነበር?»

አዎ ካለች አለቀልኝ። አክስቴ ደብተሩን አየች፤ ቀጥላ እኔን አየች። ፊቴ ላይ ምን እንዳነበበች አላውቅም።

«እኔ? ከየት አውቄ» አለች። «እሷ ናት ያስተማረችኝ።»

«ኪሮሹንም?»

«ኪሮሹንም። ከሦስት ወር በፊት እኮ ቀኝና ግራውን አልለይም ነበር። እጄ ደረቅ ነው፤ እሷ ናት ታግሣ ታግሣ እዚህ ያደረሰችኝ።» ይህን ስትል መሐረቧን አጣጥፋ ጠርዙ እንዳይታይ በጡጫዋ ውስጥ ደበቀችው።

አፌን መክፈት እችል ነበር። አንድ ቃል ይበቃ ነበር፤ «ውሸቷን ነው» ማለት ብቻ። መሬት መሬት አየሁ። እትዬ ለምን ለመጀመሪያ ጊዜ «ለምን?» ሳይሉ ቀሩና ወረቀታቸው ላይ ጻፉ። በውጤት መስጫው ላይ «ዕውቀትን ለማኅበረሰብ ማካፈል» የሚል ማንም አግኝቶት የማያውቅ አሥር ነጥብ አለ። አሥሩንም ሰጡኝ። ከክፍሉ አንደኛ ወጣሁ።

ወደ ቤት ስንመለስ ቀሚሱን በማዳበሪያ ከረጢት አድርጋ የተሸከመችው እሷ ናት። «አክስቴ» ብዬ ጀመርኩ።

«አልፈሻል አይደል?» አለችኝ። «በቃ፣ ተይው።»

ነገሩ እዚያ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ሆድ ይፍጀው ብዬ እኖር ነበር። በሳምንቱ ግን ከትምህርት ቤቱ በእሷ ስም አንድ ትልቅ ፖስታ መጣ። ለአሥሩ ነጥብ ማስረጃ ያስፈልጋል መሰል፣ ለሠልጣኟ የምስክር ወረቀት ተዘጋጅቶላታል። መነጽሯን አድርጋ ጮክ ብላ አነበበችው፦ «የጀማሪዎች የኪሮሽ ሥልጠናን በአጥጋቢ ሁኔታ አጠናቅቀዋል።»

«አጥጋቢ» አለች ለራሷ። ወረቀቱን ወደ ብርሃን አዙራ ማኅተሙን በጣቷ ዳሰሰችው። «በዕድሜዬ እንዲህ ያለ ወረቀት ተሰጥቶኝ አያውቅም።»

እያሾፈችብኝ እንደሆነ ለማወቅ ፊቷን ፈለግሁ። አላሾፈችም፤ ደስ ብሏታል። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

«ልንገራቸው፤ ነገ ሄጄ እነግራቸዋለሁ» አልኳት።

«ምኑን ነው የምትነግሪያቸው?» አለችና ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስተካክላ ወደ እኔ አዞረችው። ከታች፣ «አሠልጣኝ» ከሚለው ቃል አጠገብ ያለው መስመር ባዶ ነው። «ካልተፈረመበት አይሠራም ይላል። ነይ ፈርሚልኝ።»

እስክሪብቶውን ሰጠችኝ። ስሜን ጻፍኩ፣ ፈረምኩ። እሷም ጎንበስ ብላ ቀለሙ እስኪደርቅ እፍ እፍ አለችበት።